ለሁመድ ያልነገርነው

ጡረታ የወጣሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። የሚስቅ ይሳቅ። ሥራ ማለት ጎህ ሳይቀድ መነሳት፣ አለቃ መፍራትና ወገብ እስኪቆረጥ ጎንበስ ብሎ መዋል ከሆነ እኔ ሠርቻለሁ። የአፋርን በረሃ ሊያዩ ለሚመጡ መንገደኞች በድንኳን ምግብ ከሚያበስሉት ከአክስቴ ጋር ረዳት ወጥ ሠሪ ነበርኩ። አሁን ትምህርት ቤታችን ተከፍቶ ወደ ክፍሌ ተመልሻለሁ፤ አክስቴም ሥራውን ትተዋል። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ጡረተኛ ትዝታዬን የመጻፍ መብት አለኝ ብዬ ብዕሬን አነሳሁ። ስጀምር ቃል አልመጣልኝ ብሎ ነበር፤ አሁን ማን ያስቁመኝ!

የደመወዜ ነገር አጭር ነው፦ ለአክስቴ ይከፈላቸዋል፣ እሳቸው ለእናቴ ይሰጣሉ፣ እናቴ ጫማ ትገዛልኛለች። አለቀ።

አለቃዬ እትዬ ጥሩወርቅ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ደብረ ታቦር ውስጥ ሠርግ የደገሰ ሁሉ ያውቃቸዋል። አንድ ለመንገደኞች መኪና የሚያከራይ ሰው ሠርግ ላይ ወጣቸውን ቀምሶ፣ «እትዬ፣ ይህን ወጥ በረሃ ወርደው ይሠሩልኛል?» አላቸው። «ሽንኩርት ካለ ሲኦልም ወርጄ እሠራለሁ» አሉት። በኋላ የአፋሩን አፍዴራ በቀትር ሲያዩት፣ «ምነው ያን ዕለት ምላሴን በቆረጠው!» ብለዋል።

እኔን የወሰዱኝ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ ነው። ቤት ተቀምጬ ከእናቴ ጋር ስነታረክ ሰሙና፣ «ባንቺን ስጪኝ፤ ጉልበቷ ይውጣላት» አሉ። በማግስቱ መኪና ውስጥ ነበርኩ።

እኛ የጉና ብርድ ያሳደገን ነን። ጋቢ ሳልደርብ ከቤት መውጣት አላውቅም። ገሳይ ላይ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ነበርኩ፤ ነፋስ መውጫ ላይ ሻርፕ ጨመርኩበት። ወልድያን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሻርፑ ወለቀ፣ ከዚያ ጋቢው፣ ከዚያ ሹራቡ። ሚሌ ስንደርስ ሾፌራችን አበራ በመስታወቱ አየኝና፣ «ባንቺ፣ ቆዳሽን ብቻ እንዳታወልቂ!» አለኝ። አበራ የገሳይ ልጅ ነው፤ ካልቀለደ መኪናው የሚቆምበት ይመስለዋል።

መሬትን ያለ ልብስ ያየሁት ያኔ ነው። እኛ ጋ መሬት ወይ ገብስ ለብሷል፣ ወይ ሣር፣ ወይ ጉም። እዚያ ግን ራቁቱን ነው፤ ጥቁር ድንጋይ ብቻ፣ አሮ እንደተሰባበረ ቂጣ እስከ ሰማይ ጠርዝ ተዘርግቷል። ቤቱ ደግሞ የሚታጠፍ ነው። የአፋር ሴቶች የጎበጠ እንጨትና ሰሌን ፈታትተው፣ ግመል ላይ ጭነው፣ ቤታቸውን ይዘውት ይሄዳሉ። «እንዲህ ቢሆንልን የጎረቤት ጠብ ባልኖረ» አሉ እትዬ። የአፍዴራን ሐይቅ ሳይ ዳር ዳሩ ነጭ ሆነብኝ፤ ጉና ላይ በረዶ የጣለ ዕለት ያለውን ነጭ ነው የመሰለኝ። ሮጬ ዘገንኩት። ጨው ነው፤ ያውም የሚፋጅ። ሁሉም ሳቁብኝ። እኔም ከሁሉም በላይ ሳቅሁ፤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የበረሃ ወጥ ከቤት ወጥ ጋር በስም ብቻ ነው የሚመሳሰለው። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ይነሳል፤ አሸዋ የማይንቋቋበት ወጥ የፈለገ ከቀትር በፊት ማውረድ አለበት። ከሰሉን የምናያይዘው ጉድጓድ ቆፍረን ነው። እንጀራው ሰው እጁን ታጥቦ እስኪመለስ ድርቆሽ ይሆናል፤ ስለዚህ እትዬ እርጥብ አቡጀዲ ያለብሱትና ጠርዙን ብቻ ገልጠው አንድ አንድ ይስባሉ። ውኃው ራሱ ጨው ጨው ስለሚል ጨው የሚጨመረው በመጨረሻ ነው፣ ያውም ከተቀመሰ በኋላ። እትዬ በማንኪያ አይቀምሱም። ጠብ ያደርጉና ከእጃቸው ጀርባ ላይ ይልሳሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከዚያ ይፈርዳሉ። ድስት የሚታጠበው በአሸዋ ነው። መጀመሪያ ቀን የመጠጥ ውኃ ቀድቼ ድስት ሳጥብ አዩኝ። አልተቆጡም። ለሁሉም ሻይ ሲቀዱ የእኔን ብርጭቆ ገለበጡትና፣ «ያንቺን ድስቱ ጠጥቶታል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አልደገምኩም።

ግን ከሁሉም በላይ የማልረሳላቸው የሁለቱን ድስት ነገር ነው። መንገድ መሪያችን ሁመድ ሙስሊም ነው፤ እኛ ክርስቲያን ነን። ሥጋ ሲበላ እሱ የእሱን ያርዳል፣ አበራ የእኛን። ቢላው ሁለት፣ ድስቱ ሁለት፣ ማማሰያው ሁለት። የሁመድ ድስት እጀታ ላይ እትዬ አረንጓዴ ጨርቅ ቋጥረውበታል። አንድ ቀን ተሳስቼ በእኛ ማማሰያ ላማስለው ስል እጄን በጥፊ መቱኝ፤ ማማሰያው አሸዋ ላይ ወደቀ። «የሰው ሃይማኖት ውስጥ እጅሽን አታግቢ!» ሁመድ ራቅ ብሎ ያይ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቀረበለትን ሳይጠይቅ ይበላ ነበር። በጾም ደግሞ ሁላችንም ሽሮ ነን። «የእናንተ ጾም እኮ ለእኔ ነው የከበደው!» እያለ ያስቀን ነበር።

ሁመድ አርባውን ያለፈ ቀጭን ሰው ነው። «እርስዎ» ስለው ዞሮ ኋላውን ያያል፤ «ሌላ ሰው መጣ?» ይለኛል። እትዬን ደግሞ፣ ቄሱ እንኳ አንቱ የሚሏቸውን፣ «አንቺ ጥሩ» ይላቸዋል። መጀመሪያ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ኋላ አበራ ለቀልድ «አንቺ ጥሩ» ቢላቸው ጭልፋ ወረወሩበት። ለሁመድ ብቻ ነው የተፈቀደው።

ሁመድ መንገድ ላይ ግመል የሚነዳ ሰው ካየ መኪና ያስቆማል። ይወርዳል፣ ይጨባበጣሉ፣ ቁጢጥ ይላሉ፤ ከዚያ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ሲጨርስ ተራ ይለዋወጣሉ። እንግዶቹ መኪናው ውስጥ እየቀለጡ ያጉረመርማሉ። አበራ፣ «ሬዲዮው ተከፈተ!» ይላል። አንድ ቀን እትዬ አልቻሉም።

«ሁመድ፣ ይሄ ሁሉ ወሬ ምንድን ነው? ሽንኩርቴ በሰለ እኮ እዚሁ!»

«ወሬ አይደለም፣ አንቺ ጥሩ። ዳጉ ነው።»

«እና ዳጉ ምንድን ነው?»

«እዚህ ስልክ አይሠራም። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ጉድጓዱ ውኃ ይኑረው አይኑረው፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደች በምን አውቃለሁ? ያየሁትን ‹አየሁ› እለዋለሁ፤ የሰማሁትን ‹ሰማሁ› እለዋለሁ። እሱም እንደዚያው። አንዱ ሲናገር አንዱ አያቋርጥም።»

«የደበቀስ?» አልኩት እኔ።

«የደበቀ ሰው፣ ውኃ ይዞ ለተጠማ ‹የለኝም› ያለ ነው።»

ከዚያ በኋላ ጨዋታችን ሆነ። እንግዶቹን አስጎብኝቶ ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ከፊቴ ቁጢጥ ይልና፣ «ባንቺ፣ ዳጉ!» ይለኛል። እኔም እነግረዋለሁ፦ ሁለት ግመል አለፈ፣ አየሁ፤ ነፋሱ ወደ ሐይቁ ዞረ፣ አየሁ፤ አበራ ነገ ጎማ ይቀየራል ሲል ሰማሁ፤ እትዬ ተቆጡኝ፣ ይህን ሰማሁም አየሁም። አይስቅም፤ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ይሰማኛል። በሕይወቴ ሳያቋርጠኝ የሰማኝ የመጀመሪያው ትልቅ ሰው እሱ ነው። ዛሬ ለመጻፍ የምደፍረው ከዚያ ተነስቼ ይመስለኛል።

አሁን ወደማልወደው ቀን ደረስኩ።

የነቢያት ጾም ነበር። ሁመድ ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶችን ይዞ በጠዋት ወደ ፍል ውኃው በእግር ሄዷል። እኛ ሦስታችን፣ እትዬ፣ አበራና እኔ፣ ሐይቁ ዳር ድንኳኑ ጋ ነበርን። አንድ የጨው መኪና መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ሾፌሩ ሳይወርድ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ሁመድ ከእናንተ ጋር ነው አይደል? እናቱ ዛሬ ጠዋት ዐርፈዋል። ከሰዓት በኋላ ይቀብራሉ። ልጃቸውን እየጠበቁ ነው፤ ንገሩት ብለውኛል።»

ይህን ብሎ ሄደ። የእናቱ መንደር ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ በቀትር በመኪና ቢነሳ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ይደርሳል።

እትዬ መጀመሪያ ያደረጉት ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ነው። ከዚያ ድንገት መልሰው አስተካከሉት። «ሲመጣ እንዳያይ» አሉ።

«ምን እንዳያይ?» አለ አበራ።

«መርዶ በቀትር ይነገራል እንዴ? ሜዳ ላይ? ባዶ ሆዱን፣ ከፀሐይ ሲገባ? ዘመድ በሌለበት? ምሳውን ይብላ፤ ይረፍ። ማለዳ ‹እናትህን አመማቸው› ብለህ ትወስደዋለህ፤ እዚያ ዘመዶቹ ከበው ይንገሩት። ወጉ እንዲህ ነው።»

«እትዬ፣ እነሱ እኮ ሬሳ አያሳድሩም። ዛሬ ነው የሚቀብሩት።»

«አበራ፣ አንተ መኪናህን ንዳ!» አሉት። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እናቴ የወንድሜን ሞት የሰማችው ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ነው። አንድ ችኩል ሰው ጮኾ ነገራት። ገደል ዳር ነበር፤ ወደቀች። እስክትሞት አነከሰች። እኔ ሰው ላይ እንዲህ አላደርግም።»

አበራ ወደ መኪናው ሄደ። እኔም ወደ ድስቴ ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር እትዬ ልክ መስለውኝ ነበር፤ እኛ ጋ ያደገ ሁሉ ልክ ናቸው ይላል። መርዶ በማለዳ ነው፤ በሽማግሌ ነው፤ ሰው ሆዱ ሳይጎድል፣ ደጋፊ ሲኖረው ነው። ማን አስተማረሽ ብትሉኝ አላውቅም። ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው።

ሁመድ በቀትር እየሳቀ ተመለሰ። ከወጣቶቹ አንዱ ፍል ውኃው ውስጥ ተንሸራቶ ሱሪው ተቀዶ ነበር። ሁመድ ውኃ ጠጣ፣ መጣና ከፊቴ ቁጢጥ አለ።

«ባንቺ፣ ዳጉ!»

እትዬን አየሁ። እትዬ ቀደሙኝ።

«ምን ዳጉ አለ? ሰላም ነው፣ ሁሉ ደኅና ነው። ተነስ፣ ብላ፤ ሽሮው እየቀዘቀዘ ነው።»

«ምን ሆነሻል፣ አንቺ ጥሩ? ዓይንሽ ቀላ።»

«ሽንኩርት ነው!»

«የእናንተ ሽንኩርት ከእሳተ ገሞራው ይብሳል» አለና ወደ ምሳው ሄደ። እትዬ የእሱ ሽሮ ላይ ዘይት ጨመሩበት፤ እንዲበረታ ብለው ነው። ደጋግመው «ጨምር፣ ብላ» አሉት። ብዙ በላ። ስለ ሱሪው ሰውዬ እየተረከ አሳቀን። እንግዶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ካልሳቅሁ ያውቃል ብዬ።

ነፋሱ ከተነሳ በኋላ አንድ ግመል የሚነዳ ሽማግሌ መጣ። ሁመድ ተነስቶ ሄደ፤ ተጨባበጡ፤ ቁጢጥ አሉ። ሽማግሌው ይናገር ጀመር። እትዬ ያማስሉት የነበረውን ተዉት። ሁመድ አላቋረጠም። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ የእሱ ተራ ስለሆነ ተናገረ፤ እጁ ወደ ፍል ውኃው፣ ወደ እንግዶቹ፣ ወደ እኛም ሲያመለክት አየሁ። ያየውንና የሰማውን ሁሉ ለሽማግሌው ሰጥቶ ሲጨርስ ነው የተነሳው።

ወደ እትዬ መጣ።

«አንቺ ጥሩ፣ የጨው መኪና እዚህ ቆሞ ነበር?»

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ…»

«ቆሞ ነበር?»

«ቆሞ ነበር።»

«ነገረሽ?»

«ነገረኝ።»

«እኔ ስመጣ ታውቂ ነበር?»

እትዬ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ አሁን የሚደብቁት ሰው የለም። ሁመድ ቆሞ ፀሐይዋን አየ፤ ሐይቁ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም።

«ፀሐይዋን እያዩ ጠብቀውኛል» አለ። «እኔ ሽሮ እበላ ነበር።»

«በእኛ አገር ሁመዴ፣ መርዶ ማለዳ ነው፤ ሰው እንዳይጎዳ ብለን…»

«በእናንተ አገር» አለ። አልጮኸም። «ግን እናንተ አገር አይደለንም።»

አበራ መኪናውን አስነስቶ «ግባ!» አለው። «ቀብረዋታል፤ መኪና ለምን?» አለ። ለእንግዶቹ የጨው ቅርፊቱ ስስ የሆነበትን ዳር አሳይቶ እንዳይረግጡት ነገራቸው፤ ለአበራ የነገውን መንገድ አንድ በአንድ ነገረው። ሥራውን ጨርሶ ከሽማግሌው ጋር በእግሩ ሄደ። ወደ እኔ አልዞረም። ከዚያ በኋላ «ባንቺ፣ ዳጉ» ያለኝ የለም።

ከአፍዴራ እስከ ወልድያ እትዬ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ነበሩ። ዳገቱን ስንጀምር፣ «ለቅሶ ሳልደርስ ድስት አላነሳም» አሉ።

የገና በዓል ካለፈ በኋላ አበራ ወስዶን ወደ ሁመድ መንደር ሄድን። እትዬ ዱቄትና ስኳር ይዘዋል። መንገዱን ሁሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጸሎት መስሎኝ ነበር። ሁመድ ወጥቶ ተቀበለን። በጥላው ሥር ሰሌን አነጠፈልን፤ የግመል ወተት እንደማንጠጣ ስለሚያውቅ ሻይ አስፈላልን። በወጉ እንግዳ አድርጎ ተቀበለን። እትዬን «እርስዎ» አላቸው። ያኔ ነው የፈራሁት።

እትዬ አላለቀሱም። ሰሌኑን ትተው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ ከፊቱ ቁጢጥ አሉ።

«ሁመድ፣ ዳጉ አለኝ። ጉና ላይ ውርጭ ገብሱን መታው፤ አየሁ። ገሳይ ጋ የጭነት መኪና ተገልብጦ ሰው ተረፈ፤ ሰማሁ። ደብረ ታቦር ላይ ጎረቤቴ ሞተች፤ አየሁ፣ ቀበርኩ…»

እንዲህ እያሉ ወደዚያች ቀን ወረዱ። የጨው መኪናውን፣ ሾፌሩ ያለውን ቃል በቃል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደመለሱት፣ አበራ «ዛሬ ነው የሚቀብሩት» እንዳላቸው፣ ዘይት እንደጨመሩ፣ «ሽንኩርት ነው» እንዳሉት፣ ሁሉንም። ስለ እናታቸው እግር ግን አልተናገሩም፤ ምክንያት እንዳይመስልባቸው ይመስለኛል። ሁመድ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። አንድም ጊዜ አላቋረጣቸውም።

ጨረሱ። ተራው የእሱ ሆነ። እትዬ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። እኔም ጠበቅሁ።

«ሰላም ነው» አለ ሁመድ። «ሁላችንም ደኅና ነን። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ልክ እንደ እኛ። ሌላ ጊዜ «አልሐምዱሊላህ» ነበር የሚለው።

ያኔ ከሰሌኑ ቤት ውስጥ ሕፃን አለቀሰ። ጨቅላ ነው፤ ገና ድምፁ ያልጠና። እትዬ ቀና አሉ። እሳቸው ሰው ወልዶ በሰሙ ቁጥር፣ የማያውቁት ቤትም ቢሆን፣ በሩ ላይ ቆመው እልል ይላሉ። እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ፤ ምላሳቸው ሲነሳ አየሁ። ሁመድ ሻዩን እያየ ነበር። ያልተነገራቸውን እንዴት እልል ይበሉ? እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱት፤ ሻያቸውን ጠጡ፤ አመሰገኑ፤ ወጣን።

ከዚያ ወዲያ በረሃ አልወረዱም። ሠርግ ቤት ሲጠሯቸውም «ጉልበቴ» ይላሉ። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ በረሃው ይናፍቀኛል፤ ጨው ያቃጠለው እጄ፣ የሚታጠፈው ቤት፣ የሚሰማኝ ሰው። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ስናገር አስተማሪው ገና ሳልጨርስ «ገባኝ፣ ተቀመጪ» ሲለኝ ትዝ ይለኛል።

አበራ ዛሬም ይመላለሳል። ሲመለስ መኪናውን ሳያጥብ እኛ ደጅ ያቆማል፤ ካላቆመ እትዬ ገሳይ ድረስ ሰው እንደሚልኩበት ያውቃል።

«ሁመድን አገኘኸው?»

«አገኘሁት፣ እትዬ። ሰላም ብሏል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ሰላም ብቻ።»

«ሕፃኑስ? ወንድ ነው ሴት?»

«አልነገረኝም፣ እትዬ።»